በየቀኑ ጻፍኩ፣ ደራሲ ግን አልሆንኩም

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

በየቀኑ መጻፍን ልማድ ስለማድረግ ሰሞኑን በጋዜጣችሁ ላይ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ጸሐፊው ለወጣቶች የሚመክሩት ደግ ነገር ነው። በየቀኑ ጻፉ፣ ውሎ አድሮ ደራሲ ትሆናላችሁ ነው የሚሉት። ከምክሩ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከምክንያቱ ጋር ነው።

እኔ 11 ዓመት በየቀኑ ጽፌያለሁ። ደራሲ አልሆንኩም። የመሆን ሐሳብም አልነበረኝም። አንድ ግጥም እንኳ ከእጄ አልወጣም። ያሉኝ 34 ደብተሮች ናቸው። ሁለት ካርቶን ሞልተው አልጋዬ ሥር ተቀምጠዋል። ማንም እንዲያነባቸው አልፈልግም። እንደ ድርሰት ከታዩ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ አሰልቺ ናቸው። ታዲያ ምን አተረፍሽ ለሚለኝ ሰው ግን መልስ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያ ነው። ደራሲ የመሆን ምኞት የሌለው ሰው ያን ጽሑፍ አይቶ "ይሄ እኔን አይመለከተኝም" ብሎ ገጹን እንዳይገልጠው ሰጋሁ። እንዲያውም ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው እሱን ይመስለኛል።

ሥራዬ ስቶር ኪፐር ነው። በሥራው ላይ 26 ዓመት ሆኖኛል። በእኛ ሥራ ቢን ካርድ የምትባል ነገር አለች። እያንዳንዱ ዕቃ ካለበት መደርደሪያ ላይ የምትቀመጥ ካርድ ናት። ዕቃ ሲገባ እንጽፋለን፣ ሲወጣ እንጽፋለን፣ ከወጪ ቀሪውን እናሰፍራለን። በቃ፣ ይኸው ነው። የልጅ ሥራ ይመስላል። ግን አንድ ቀን "ነገ እጽፈዋለሁ" ያልን እንደሆነ፣ የዓመቱ ቆጠራ ሲመጣ ጉዳችን ይፈላል። ካርዱ 40 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ 37 አለ። ሦስቱ የት ገቡ? ብዙ ጊዜ ሌባ የለም። ያልተጻፈ ነገር ነው ያለው። የሚገርመኝ ደግሞ ሁሉም ሰው እርግጠኛ መሆኑ ነው። አንዱ "አልወሰድኩም" ይላል፣ ሌላው "በእጄ ሰጥቼዋለሁ" ይላል። ሁለቱም ለመማል ዝግጁ ናቸው። ሁለቱም እየዋሹ አይደለም።

የሰው ጭንቅላትም እንዲህ ያለ ስቶር መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አጀማመሬ ክብር ያለው አይደለም። እንቅልፍ አጥቼ ነው። ማታ ጋደም ስል የቀኑ ሥራ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ መዞር ይጀምራል። ያኛውን ወረቀት ፈርሜያለሁ? የታችኛውን በር ቆልፌያለሁ? ለእገሌ ያዋስኩት መሣሪያ ተመልሷል? ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዓይኔ ፍጥጥ እንዳለ ነው። አንድ ሌሊት ብስጭት ብዬ ተነሣሁና አንድ የተበላሸ ፎርም ጀርባ ላይ የሚያስጨንቀኝን ሁሉ ዘረዘርኩት። 9 ነገር ወጣው። እኔ መቶ መስሎኝ ነበር። ዘጠኝ! ከዘጠኙ ደግሞ ሦስቱ አንድ ነገር ነበሩ። ስማቸውን እየቀያየሩ ይመላለሱብኝ ነበር እንጂ። መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ።

ከዓመታት በኋላ ሥነ ልቦና የምታጠናው ልጄ ሳቅ እያለች መጣች። "እማ፣ ያንቺ ነገር እኮ ተጠንቷል" አለችኝ። በአሜሪካ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስከሊን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው ጥናት ነው። 57 ወጣቶችን የእንቅልፍ ላቦራቶሪ ውስጥ አስተኙና ከመተኛታቸው በፊት 5 ደቂቃ እንዲጽፉ አደረጉ። ግማሾቹ በሚቀጥሉት ቀናት የሚጠብቃቸውን ሥራ ጻፉ። ግማሾቹ ሠርተው የጨረሱትን ጻፉ። የሚጠብቃቸውን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዝርዝሩን አብራርተው በጻፉት ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ቶሎ ተኙ። 9 ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች። ጣሪያ ላይ አፍጥጦ የሚያድር ሰው ይጠየቅ።

እንግዲህ የተበላሹት ፎርሞች ሲያልቁ ደብተር ገዛሁ። ከዝርዝሩ ሥር ስለ ውሎዬ አንድ ሁለት መስመር መጨመር ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ዛሬ ሳያቸው ያሳፍሩኛል። "ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ደከመኝ" ነው ሁሉም። ግን ይሄ "ደከመኝ" የሚለው ቃል በኋላ ውለታ ዋለልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ የስልክ ቁጥር ፈልጌ የቅርብ ጊዜ ደብተሬን ሳገላብጥ፣ "ዛሬ ደከመኝ" ይላል። ቀጥሎ ያለው ገጽ፣ "ደክሞኛል፣ ቶሎ ተኛሁ።" ቀጥሎ፣ "ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ ድክም ብሎኛል።" የሥራ ልማድ ነው መሰለኝ፣ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ባለፈው ወር ከ31 ቀን በ23ቱ ደክሞኛል። ከዚያ በፊት በነበረው ወር በ9 ቀን። ከዚያ በፊት በ2 ቀን። እኔ እኮ ሰው ሲጠይቀኝ "ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" ነበር የምለው። ለሰው ብቻ አይደለም፣ ለራሴም። ደብተሩ ግን ሥራ አልበዛብሽም አለኝ። ሥራው ከአምናው ያነሰ እንደነበረ እዚያው ገጽ ላይ ጽፌያለሁ።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁላችንም "ኧረ ቆይቷል" ብለን ነው የምንመልሰው። እኔ ቀኑን ነገርኳት። ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ ትንፋሼ ያጠረበትን ቀን፣ ፀጉሬ በማበጠሪያ መውጣት የጀመረበትን ሳምንት ነገርኳት። ከወረቀቷ ቀና ብላ አየችኝና "እንዴት አስታወስሽው?" አለች። አላስታወስኩትም። ጽፌው ነው። ምርመራው የብረት ማዕድን እጥረት ያመጣው ደም ማነስ ነው አለ። መድኃኒት ወሰድኩ፣ በወራት ውስጥ ተሻለኝ። ደብተሩ አላዳነኝም፣ ያዳነኝ መድኃኒቱ ነው። ግን ደብተሩ ባይኖር ኖሮ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" እያልኩ ስንት ወር እቆይ እንደነበር እንጃ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ይህን ለጋዜጣ መጻፍ ትንሽ ያሳፍራል። ስሜ ስለማይወጣ እቀጥላለሁ።

ከስምንት ዓመት በፊት እናታችን ታማ ሆስፒታል ተኛች። ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ሩቅ ነው። መምጣት አልቻለም። እናታችን ከዚያ ሕመም አልተነሣችም። ከዚያ በኋላ ለስድስት ዓመት አንድ ነገር በልቤ ይዤ ኖርኩ። ወንድሜ በዚያ ሳምንት አንድም ቀን አልደወለም። አንድም ቀን! ይህን ለእህቶቼ ነግሬያለሁ። ለጎረቤት ነግሬያለሁ። ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ እሱ ባለበት ጭምር፣ በወሬ መሃል ወርወር አድርጌያለሁ። እሱ አንገቱን ይደፋል እንጂ መልስ አይሰጥም። ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩት።

ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ጉዳይ ተጋጨን። ይሄኔ የዚያን ሳምንት ደብተር ፍለጋ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ጎተትኩት። ያወጣሁት ለእርቅ አልነበረም። ማስረጃ ልይዝበት ነው። ቀን በቀን፣ "አልደወለም፣ አልደወለም" የሚል ገጽ አገኛለሁ ብዬ ነበር።

ገጹን አገኘሁት። ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። ውሃ ነክቶት አንድ ጥግ ላይ ቀለሙ ተዘርግቷል። "ወንድሜ ደወለ። ነርሷ መርፌ እየወጋቻት ስለነበር በኋላ አልኩት።" ገለጥኩ። "ደወለ። መልሼ እደውላለሁ አልኩት፣ ረሳሁት።" ገለጥኩ። "ደውሎ እንደነበር ነገሩኝ። ተኝቼ ነበር።" አንድ ቀን ዘሎ ደግሞ፣ "ወንድሜ ደወለ። አለቀሰ። እኔ ለማልቀስ ጊዜ የለኝም አልኩት።" በ6 ቀን ውስጥ 4 ጊዜ። በራሴ እጅ ጽሕፈት። "ረ" የምጽፍበት ጠማማ አጻጻፍ እንኳ አለ፣ የሌላ ሰው ነው ልል አልችልም።

መጀመሪያ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? "ተሳስቼ ጽፌ ይሆናል" አልኩ። ሌላ አይደለም! በደንብ የማስታውሰውን ትቼ እንዴት ወረቀት አምናለሁ ብዬ ተናደድኩ።

ይህን ለልጄ ብነግራት እንደገና ሳቀች። ኡልሪክ ናይሰር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሠራውን ጥናት አመጣችልኝ። ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በተነሣች 73ኛ ሰከንድ ላይ ሰዎቿን እንደያዘች ጠፋች። በማግስቱ ጠዋት ናይሰር በአሜሪካ ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ 106 ተማሪዎችን ወሬውን የት ሆነው፣ ከማን እንደሰሙ አጻፋቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ 44ቱን አግኝቶ ያንኑ ጠየቃቸው። 11ዱ በጠቅላላ አንዱንም ዋና ነጥብ ሳያገኙ ቀሩ። ከተሳሳቱት መሃል ግን በመልሳቸው እርግጠኛ የሆኑ ነበሩ። የገዛ ጽሑፋቸው ሲቀርብላቸውም የአሁኑ ትዝታቸው አልተለወጠም። ጽሕፈቱ የእነሱ መሆኑን ያምናሉ፣ ግን የሚያስታውሱት ሌላ ነው። ልጄ ይህን ስታነብልኝ "ይሄ እኔ ነኝ" አልኩ። ስቶር ውስጥ "በእጄ ሰጥቼዋለሁ" የሚለውም እሱ ነው።

ለወንድሜ ደወልኩለት። ቀላል ስልክ አልነበረም። ገጾቹን በስልክ አነበብኩለት። ዝም አለ። ከዚያ፣ "እትዬ፣ እኔም እኮ አልደወልኩም ብዬ ነው የማስበው" አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ። እኔ ደጋግሜ ስለተናገርኩት እሱም አመነው። ባልሠራው ነገር ሲያፍር ኖሯል። ያን ቀን የተባባልነውን ሌላውን እዚህ አልጽፈውም። እሱም ደብተር ውስጥ ነው።

ከዚህ በኋላ በየቀኑ መጻፍ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሰው የምሰጠው ዋናው መልስ ይኸው ነው። ከራሴ ጋር ርክክብ ያደርግልኛል። ትናንት የነበረችው እኔ የጻፈችውን የዛሬዋ እኔ እንደፈለገች ልትደልዘው አትችልም።

ሐዘንን መጻፍ ስለሚባለው ነገርም ትንሽ ልበል። ስለሱ ብዙ የተጋነነ ነገር እሰማለሁና። የጥናቱ መነሻ ጄምስ ፔነቤከር የሚባል ሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። ከሳንድራ ቢል ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ሥራ 46 ተማሪዎችን በተከታታይ 4 ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ አጻፈ። ስለ ደረሰባቸው ክፉ ነገር ከነስሜታቸው የጻፉት ወዲያው እንደጨረሱ ባሰባቸው። በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ዩኒቨርሲቲው ጤና ጣቢያ ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ሄዱ። ከ20 ዓመት በኋላ ጆአን ፍራታሮሊ የተባለች ተመራማሪ 146 ተመሳሳይ ጥናቶችን ሰብስባ ስታያቸው፣ ጥቅሙ አለ፣ ግን በአማካይ ትንሽ ነው። ይህን ሁለተኛውን ክፍል ብዙ ሰው አይናገረውም።

እኔም ያየሁት ከዚህ አይርቅም። እናቴ ባረፈች ሰሞን ስጽፍ ባሰብኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ የጻፍኳቸው ገጾች አሉ። እስካሁን አልገለጥኳቸውም። ከጊዜ በኋላ ግን ጽሑፉ እየተለወጠ ሄደ። መጀመሪያ "ለምን" ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ "ያን ቀን እንዲህ ብላኝ ነበር" የሚል መጣ። ቀልዶቿን መጻፍ ጀመርኩ። መቼ እንደተለወጠ አላወቅሁትም።

መጻፍ የማይጠቅምበት ጊዜም አለ። አንድ ወቅት በአንድ የሥራ አለቃዬ ላይ ለሁለት ወር ያህል በየቀኑ እሮሮ ጻፍኩ። ያው ቃል፣ ያው ንዴት። ሰው "ተንፍሼው ቀለለኝ" ይላል። እኔ አልቀለለኝም። እንዲያውም በጻፍኩት ቁጥር በልምምድ ብዛት ንዴቴ ተዋበ። ስድቡ ሁሉ ቅኔ ሆነ። በኛ ሥራ የማይንቀሳቀስ ዕቃ የምንለው አለ። ለዓመታት መደርደሪያ ይዞ ይቀመጣል፣ አይወጣም፣ አይሸጥም፣ በየቆጠራው ብቻ ይጻፋል። ስለዚህ ዕቃ አንድ ውሳኔ መወሰን አለበት። ይውጣ ወይም ይወገድ። አንድ ማታ እሮሮዬን ትቼ፣ "ይህን ሰው ፊት ለፊት ባገኘው ምን እለዋለሁ?" ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ወር የጻፍኩት ነገር ሦስት መስመር ሆኖ ቁጭ አለ። በማግስቱ ሄጄ ሦስቱን ነገርኩት። ግማሹ ተስተካከለ። ግማሹ እስካሁን አለ። ቢያንስ ደብተሬ ውስጥ ቦታ አልያዘም።

ስለ ልማዱ አያያዝ ብዙ አልልም፣ ጸሐፊያችሁ በደንብ ገልጸውታል። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። "በ21 ቀን ልማድ ይሆናል" ብለዋል። ፊሊፓ ላሊ የተባለች የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር 96 ሰዎችን ተከታትላ ያገኘችው ሌላ ነው። አንድ ነገር ሳያስቡት የሚሠራ ልማድ ለመሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆነ። እንደ ሰውየውና እንደ ነገሩ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። 21 ቀን የተባለለት ሰው በ22ኛው ቀን ሲከብደው "እኔ አልሆንም" ብሎ ይተወዋል። እኔ ሦስት ጊዜ ተውኩት። በዚያው ጥናት ላይ ደስ ያለኝ ግን አንድ ቀን መዝለል የልማዱን ሂደት ይህን ያህል እንደማያበላሸው መገኘቱ ነው። አሁን ስዘል ወደ ኋላ ተመልሼ ያመለጠኝን አልሞላም። ቀኑን ባዶ አስቀምጬ እቀጥላለሁ። ወደ ኋላ መሙላት በእኛ ሥራ ወንጀል ነው።

ከሦስቱ መተዎች አንዱን ያመጣው ጥሩ ደብተር ነው፣ ብታምኑም ባታምኑም። አንዲት ወዳጄ የቆዳ ሽፋን ያለው፣ ገጹ ወፍራም፣ ክር ያለው ደብተር በስጦታ ሰጠችኝ። አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። "ዛሬ እግሬን አመመኝ" ብሎ እዚያ ላይ መጻፍ ነውር መሰለኝ። ትልቅ ሐሳብ እየጠበቅኩ ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ ወደ ተራው የተማሪ ደብተር ተመለስኩ። የቆዳው ዛሬም ባዶ ነው። አንዳንዴ አውጥቼ አሸተዋለሁ።

የምጽፈው ጥርሴን ከቦረሽኩ በኋላ፣ መብራት ሳላጠፋ ነው። ሦስት መስመር ይበቃል። ካማረኝ ሦስት ገጽ እሄዳለሁ። በጣም በሰነፍኩበት ቀን "ዛሬ አልጽፍም" ብዬ እጽፍና እተኛለሁ። ይኸም ይቆጠራል። በስልክም ሞክሬዋለሁ። ስልኩ ላይ ስጽፍ መልእክት ይገባል፣ መልእክቱን ሳይ ቪዲዮ ይከፈታል፣ ከዚያ ውሎዬ የሌላ ሰው ውሎ ይሆናል። በስልክ የሚሆንለት ሰው ይጻፍበት፣ እኔ አልሆነልኝም።

ስለ ምሥጢር ጠባቂነትም ላንሣ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው እሱን ነውና። ልጄ 16 ዓመቷ ሳለች ደብተሬን አንብባዋለች። የከፈተችው ገጽ ደግሞ በዚያው ሳምንት የተጻፈ ነበር፣ "ልጄ ዛሬ አስጠላችኝ" የሚል። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ምን እንደሆነች ያወቅሁት ደብተሩን ስከፍት ነው። ከሥሩ በእርሳስ "አንቺም እኔን" ብላ ጽፋበታለች። ያን ገጽ ከ34ቱ ደብተር ሁሉ እወደዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ደብተሬን እቆልፋለሁ። የወደድኩት ለዚያች ለአንዷ ቀን ነው።

ሌላም ትርፍ አለ፣ ትንሽ ናት። የሥራ ደብዳቤዬ አጠረ። ድሮ "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው" ብዬ ጀምሬ ነገሩ ላይ የምደርሰው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። አሁን "ሦስት ዕቃ ጎድሏል፣ ምክንያቱ ይህ ነው" እላለሁ። ማታ ማታ ለራስ ሲጽፉ የሚያስደንቁት ሰው ስለሌለ፣ ማሽሞንሞኑ ቀስ በቀስ ይሞታል። "ሐ" ይሁን "ኀ" ብሎ የሚቆጣም የለም። (ለናንተ ስጽፍ ግን ተጨንቄያለሁ። ብታርሙልኝ አልቀየምም።)

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ሲባል እሰማለሁ። የመጀመሪያው ግማሽ በእኔ ላይ ደርሷል፣ ከላይ እንዳያችሁት። ሁለተኛው ላይ ግን አልስማማም። የእኔ ደብተሮች እንዲወረሱ አልፈልግም። ልጄ እኔ ሳልፍ እንድታቃጥላቸው ተነጋግረናል። "አንቺም እኔን" ያለችበትን ገጽ ግን ቀድጄ እወስደዋለሁ ብላለች። ፈቅጄላታለሁ።

ለመዝጋት አንድ የጥንቃቄ ሥራ ቀርቶኛል። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወደ ቤጂንግና ወደ ሞስኮ ሊሄዱ ሲሉ፣ ባሩክ ፊሾፍና ሩት በይት የተባሉ ተመራማሪዎች እስራኤል ውስጥ ተማሪዎችን "ምን ይሆን ይመስላችኋል?" ብለው አስገመቷቸው። ጉዞው ካለፈ በኋላ ምን ገምተው እንደነበር ጠየቋቸው። አብዛኞቹ ሆነ ያሉትን ነገር በፊትም ከገመቱት በላይ ገምተውት እንደነበር አድርገው አስታወሱ። ሁላችንም "እኔ እኮ ብዬ ነበር" ባዮች ነን ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ደብተሬ ላይ የማሰፍረውን አስቀድሜ ላሳውቃችሁ። "ለጋዜጣ ደብዳቤ ላክሁ። በጣም ረዘመ። የሚወጣ አይመስለኝም።" ቀኑንም እጽፍበታለሁ። ድንገት ከወጣ፣ "ድሮም እንደሚወጣ አውቄ ነበር" ስል ልጄ ገጹን ትከፍትብኛለች።

አክባሪያችሁ
አንዲት ስቶር ኪፐር